ረጅም ዝምታ

ጠዋት ጠዋት የአየሩ ጠባይ ከተነገረ በኋላ የጠፉ ሰዎች ሚዛን ይነበባል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ሆኖ «ኮምቦልቻ ዛሬ ፀሐያማ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊኖር ይችላል» ይላል፤ ከዚያ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ «ደምለው ናሆም፤ ከትናንቱ በጥቂቱ ቀንሷል» ብሎ ይጨምራል። ሶልያና ይህንን ሳትሰማ ፊቷን አትታጠብም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰምታም አትታጠብም።

ደምለው አንድ ልጇ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ልጆች ባሕር ሊሻገር ወጣ። እጁ ላይ እንደ ማንኛውም ተጓዥ አምባር ነበረው፤ አምባሩ ከጀልባው ላይ ሆኖ ያለበትን ቦታ ሲናገር ሲናገር ቆይቶ አንድ ቀን ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የፍለጋ መሥሪያ ቤቱ አንቴናዎች ያንን አምባር ያደምጣሉ። ማድመጥ ግን መብራት ይበላል፤ መብራት ደግሞ በዚህ ዘመን እንደ እህል ተሰፍሮ የሚሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ ሚዛን የሚሉት ማሽን በየቀኑ ያሰላል፦ ይህን ሰው መፈለግ ዛሬም ዋጋ አለው ወይ? ውጤቱ ከተሰመረው መስመር በታች ከወረደ ፍለጋው ይዘጋል፤ መርዶ ነጋሪም ይላካል። ያየ የለ፣ የቀበረ የለ፣ መርዶው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ከተለቀሰላቸው በኋላ በእግራቸው የመጡ ሰዎች እዚያው ሰፈር አሉ፤ መታወቂያ የሚያወጣላቸው አላገኙም፣ ገበያ ላይ ሲታዩም ሰው ሰላም ለማለት ይቸገራል።

ጨዋ ሰው «ሚዛኑ እንዴት አደረ?» ብሎ አይጠይቅም። የምትጠይቀው ኢክራም ብቻ ናት። ኢክራም ከሶልያና ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ የሷም ልጅ ሉባባ ከደምለው ብዙ ቀደም ብላ በዚያው ባሕር ጠፍታለች። ስለዚህ ለመጠየቅም ለመመለስም ፈቃድ አላት።

«ሶሊ! ምን አለሽ?» ትላለች በግድግዳው በኩል።

«ቀነሰ።»

«የኔም ቀነሰ። አይዞሽ፣ ነፋስ ያለ ቀን ይቀንሳል አሉ።»

ማን እንዳለ እሱ ይወቀው። እንዲህ ተባብለው ሶልያና ወደ ስፌቷ፣ ኢክራም ወደ ሱቋ ይሄዳሉ።

በዚያ ሰሞን ሶልያና የሸንጎ ዕጣ ወጣባት። መንግሥት መወሰን የከበደውን ነገር ሁሉ ዕጣ ለደረሳቸው ሰባት ዜጎች አስረክቦ እፎይ ካለ ቆይቷል። ዕጣ የወጣበት ሰው እምቢ አይልም፤ የታመመ እንኳ ከነአልጋው ይመጣል። የዘንድሮው ጥያቄ ስለ ጆሮው ነበር።

ጆሮው ማለት ከከተማው በላይ ተራራው ጫፍ ላይ የተተከለው ግዙፍ ሳህን ነው። የወረቀት ስሙ ረጅም ነው፤ ሰው ግን ጆሮው ይለዋል። ሥራው ሰማይ ማድመጥ ነው፤ ከዋክብቱ መሐል የሆነ ቦታ እንደኛ የሚያስብና የሚናገር ፍጥረት ካለ ድምፁን ለመስማት። ሶልያና ተማሪ ሳለች ክፍሏ ለጉብኝት ሄዶ ነበር፤ ብስኩት እንደሰጧቸው ብቻ ነው ትዝ የሚላት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጆሮው አንዲት ቃል አልሰማም። ሸንጎው የተጠየቀው እንግዲህ ይህንን ነው፦ ጆሮው ተዘግቶ የሚበላው መብራት ለባሕሩ ፍለጋ ይሰጥ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

«ልጇ ባሕር የቀረባት ሴት ለኮከብ ልታዝን ነው?» አለ ሰፈሩ። ዘመድ የጠፋበት ሰው አይቀመጥ ቢባል ኖሮ ደግሞ ሸንጎው ሰው አያገኝም ነበር።

ወሬው ለኢንጂነር ማክቤልም ደረሰ። ማክቤል የጆሮው ኃላፊ ነው፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ፣ ጎረቤቶቹን በሊፍት ውስጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው። ሆኖም በወሎ ትልቅ ነገር ሲለመን ሽማግሌ እንደሚላክ ሰምቷል። ሽምግልና ዛሬ በስልክ የሚታዘዝ አገልግሎት ነው፤ ለልመና የሚሄዱትም ለመርዶ የሚሄዱትም እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ያለ ሾፌር የሚሄደው መኪናቸውም አንድ ነው። ማክቤል አዘዘ። ክፍት ሆኖ ያገኘው ሰዓት ሸንጎው በሚቀመጥበት ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። እንዲያውም ደስ አለው፤ ከቤት ሳትወጣ ይደርሱባታል። ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የነገረው የለም።

ኢክራም ደጇን እየጠረገች ነበር። መኪናው መጣ፣ ቀስ አለ፣ የሶልያና በር ላይ ቆመ። ሦስቱ ሰዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ወረዱ። ኢክራም መጥረጊያውን ጣለች።

«ወይኔ! ወይኔ ደምለው! ወይኔ ልጄን!»

ከዚህ በኋላ ማን ይቁም? የመንደሩ በር ሁሉ ተከፈተ። የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ጥግ ላይ ነው ቤቱ፤ ቅሬ በሞት ጊዜ የሚደርሰው የሰፈሩ ማኅበር ነው፣ ሰውየው ደግሞ ለቅሶ ሰምቶ ሱሪውን እስኪታጠቅ እንኳ የሚጠብቅ አይደለም። ነፋው። ወጣቶቹ ወደ መጋዘኑ ሮጡ፤ ድንኳኑ መጣ፤ ምሰሶው ቆመ። ሶልያና በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ ወጣች፣ ኢክራም እጇን ራሷ ላይ ጭና አየቻት፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ወደቀችም። መሬት ላይ ሆና የጮኸችውን ጩኸት የሰማ ሰው ያን ቀን ቁርስ አልበላም።

ጋሽ ይማም የሚባሉት ሽማግሌ እጃቸውን እያወናጨፉ «ኧረ በአላህ! ኧረ ስሙን! ለመርዶ አይደለም!» ይላሉ። ማን ይሰማቸዋል! ድምፃቸው ከዋይታው በታች ሆነ። በመጨረሻ የኢክራምን ክንድ ይዘው ጆሮዋ ላይ «ለልመና ነው የመጣነው! ስለ ጆሮው ልንለምናት ነው!» ብለው ጮኹባት።

ኢክራም መሬት ላይ ወደቀችና ሶልያናን አቀፈቻት። «ሶሊ! አልሞተም! ወላሂ አልሞተም! ሊለምኑሽ ነው የመጡት!» እያለቀሰች ትስቃለች። ዞር ብላ ደግሞ ሽማግሌዎቹን፦ «እናንተ ሰዎች፣ አትፈሩም? በዚህ ሰዓት!»

«ምን እናድርግ የኔ እናት» አሉ ጋሽ ይማም፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «መኪናው ነው ያመጣን። ባልሆነ ሰዓት ነው ብለን ብንነግረው፣ ሌላ ቀጠሮ የለም አለን።»

ሰዉ ሳቅ ጀመረ። ሶልያናም ከመሬት ተነሥታ አቧራዋን እያራገፈች ልትስቅ ነበር። ያኔ ከቤቷ ውስጥ ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ።

«ቤተሰቡ ለቅሶ መቀመጡ ተመዝግቧል። የደምለው ናሆም ፍለጋ በቤተሰቡ ስምምነት ተዘግቷል። መጽናናትን ይስጣችሁ።»

ሕጉ እንዲህ ነው፤ እናት ካለቀሰች፣ ጥሩንባ ከተነፋ፣ ድንኳን ከቆመ፣ ቤተሰቡ ሞቱን ተቀብሏል ማለት ነው። በአንድ በኩል እያለቀሱ በሌላው መብራት ማስበላት የለም። ሰሌዳው ደግሞ ሁሉንም ይሰማል።

ሶልያና ሮጣ ገባች። «አልሞተም! ተሳስተን ነው! ክፈተው!» አለችው ግድግዳውን በመዳፏ እየመታች።

«ሐዘንዎን እንረዳለን» አላት ሰሌዳው።

ወደ ሸንጎው የሄደችው ጸጉሯን ሳታበጥር ነው። አዳራሹ በር ላይ የሸንጎውን ጸሐፊ አገኘችው፤ ሰው የሚያከብር ትሑት ወጣት ነው። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። እያዘነ ሰማት።

«የተዘጋ ፋይል መክፈትስ ይቻላል፣ እትዬ» አላት። «ግን ትርፍ መብራት ሲኖር ነው። አሁን የለም።»

«ጆሮው ቢዘጋስ?»

«ያኔማ ይኖራል። ዛሬውኑ ይከፈታል። ደግሞ እንደገና የተከፈተ ፋይል እንደ አዲስ ነው፤ ዝምታው ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። እንዲያውም ለልጅዎ ይሻለዋል።»

ሶልያና ከዚያ በኋላ የተባለውን በግማሽ ልቧ ነው የሰማችው። ያም ሆኖ ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። ዳግም የሚባለው ጎማ ጠጋኝ ተነሥቶ «እኔ የማይገባኝ» አለ፣ «ማን ጠራቸውና ነው አቤት የሚሉት? እኛ የራሳችን ሰው ከባሕር እየጠራን፣ ሰማይ ላይ የማናውቀውን እንግዳ ስንጠብቅ! ቢመጡስ ምን ልናበላቸው ነው?» ሰው ሳቀ።

ብሩክ የሚባሉት ጡረታ የወጡ መምህር አልሳቁም። «ምንም አልሰማንም ብሎ ለመናገርኮ ማድመጥ ያስፈልጋል፣ ልጄ» አሉት። «ያላደመጠ ሰው የሚለው አላውቅም ነው። ይህች አገር በዓለም ላይ አንድ ነገር ቀድማ የምታውቅበት ቦታ ቢኖር ያ ተራራ ነው። ዘግተነው ነገ ሌሎች ቢሰሙ፣ ጆሮ ነበራቸው፣ ራሳቸው ደፈኑት ይባልብናል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ልጅ አልጠፋብዎትም።»

«ጠፍቶብኛል» አሉ መምህሩ፤ ቁጭም አሉ።

ድምፅ ሲሰጥ ሦስት ይዘጋ፣ ሦስት ይቀጥል ሆነ። የቀረችው ሶልያና ናት። ሁሉም ዞሮ አያት።

ማክቤል ከኋላ ወንበር ተነሣ። ጠዋት የሆነው ደርሶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልበል» አለ። «የዛሬው ጥፋት የኔ ነው። አላወቅሁም። ይቅር በሉኝ ለማለትም አፍሬያለሁ።»

ሶልያና አልሰደበችውም። ስድብ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። «ስንት ዘመን አደመጣችሁ?» አለችው።

«እኔ ሳልወለድ ጀምሮ።»

«ምን ሰማችሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ አሁን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ከፈለጉ ይዝጉት» አለ። አዳራሹ ተንሾካሾከ። «ልጅዎ ነው፤ እኔ ብሆንም እዘጋዋለሁ። ግን እባክዎን፣ ምክንያቱን ረጅም ዝምታ ብለው አይስጡ። ሚዛኑ ከሸንጎው ምክንያት ነው የሚማረው። ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት ነው ብለው አንዴ ካስተማሩት፣ በኛ አያቆምም። ባሕሩ ላይም ብዙ ጊዜ ዝም ያሉ አሉ።»

ሶልያና ወደ ጸሐፊው ዞረች። እሱም ድምፅ የሚሰጥበትን የእጅ ሰሌዳ ወደሷ አቀረበላት፤ ሦስት ምክንያት ተጽፎበታል፦ ረጅም ዝምታ፣ የመብራት እጥረት፣ ሌላ።

«እውነቱን ነው?» አለችው።

«ይማራል፣ አዎ።» ጸሐፊው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «የመብራት እጥረት ቢሉ ግን ይግባኝ አለው። ይግባኙ እስኪታይ ክረምት ይመጣል። ሌላ የሚለውም እንደዚያው። ዛሬ የሚፈጸመው የመጀመሪያው ብቻ ነው።»

ክረምት። እስከ ክረምት ድረስ ደምለውን የሚያደምጥ የለም ማለት ነው። አምባሩ ነገ ድንገት ቢነቃ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አግኝቶት ቢያደርቀው፣ አንድ ጊዜ ብቻ «እዚህ ነኝ» ቢል፣ ባዶ ባሕር ላይ ተናግሮ ይቀራል። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ በሁለት ጣቱ ቆርቆሮውን ሳያንኳኳ የማይገባ ነበር፤ «ምን ታንኳኳለህ፣ እንግዳ ነህ?» ትለው ነበር። አሁን እያንኳኳ የሚሰማው ቢያጣስ?

ስለ ኢክራም አላሰበችም ማለት ውሸት ነው። አሰበች። የሉባባ ዝምታ ከደምለው ዝምታ እንደሚረዝም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በግድግዳው በኩል አብራ ስትቆጥር የኖረች ናት። አሰበችና፣ ምናልባት እሷን አይነካት ይሆናል አለች፤ ምናልባት ኢንጂነሩ ለሥራው ብሎ እያስፈራራኝ ነው አለች፤ ምናልባት ማሽኑ የኮከብንና የሰውን ልጅ ይለያል አለች። ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም። ጣቷን ረጅም ዝምታ የሚለው ላይ አሳረፈች።

ዳግም «እሰይ!» አለ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አነሡ። ማክቤል በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ልጅዎን ያምጣልዎ» አላት። ከልቡ ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተራራውን አየ። ዘመኑን ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ የኖረው ሳህን ቀስ እያለ ጎንበስ አለ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ዞረ። ልጆች አጨበጨቡ። የሶልያና ሰሌዳም «ደምለው ናሆም፤ ፍለጋው ተከፍቷል፤ ተስፋው ከፍተኛ ነው» አለ። ከፍተኛ የሚለውን ቃል ከሰሌዳው ሰምታ አታውቅም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ኢክራም እልልታዋን አቀለጠችው። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ቅሬው ለለቅሶ የቀቀለው ንፍሮ ግን ይጣል እንዴ? የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ እየሳቀ በላው። ሶልያናም ሳቀች። በዚያ ቀን እውነተኛ ደስታ ነበር የተደሰተችው፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም።

የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ከሥራ ገብታ ሻርፗን ሳታወልቅ፣ ሰሌዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

«ለእትዬ ሶልያና፣ በግል። የጎረቤትዎ የወይዘሮ ኢክራም ልጅ የሉባባ ፍለጋ በረጅም ዝምታ ምክንያት ተዘግቷል። ሽማግሌዎች ነገ ጠዋት ይመጣሉ። በባህላችን መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርምና፣ የቅርብ ሰው እንደመሆንዎ ዛሬ አብረዋት እንዲሆኑ፣ በደንብ መብላቷንም እንዲያረጋግጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ጉዳዩን ቀድሞ መንገር ያስቀጣል።»

ሰሌዳው «ሰምተዋል?» አላት። «ሰምቻለሁ» አለች፤ ካልመለሱለት ይደግመዋል።

ሥጋ ልትገዛ ወጣች። ልኳንዳው በር ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል። በሐሙስ ቀን እንዲህ ያለ ሰልፍ አይታ አታውቅም። ሁሉም ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገዋል፤ ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ፊት ለፊቷ ያለችው ሴት አጠገቧ ያለችውን ሰረቅ አድርጋ አየቻት፤ ያችኛዋም አየቻት፤ ሁለቱም መሬት አዩ። እያንዳንዷ የሆነች ሴት ጎረቤት ናት። እያንዳንዷ ለሌላ ሰው ነው ሥጋ የምትገዛው። ሶልያና ስንት ቤት ነው? ብላ አሰበች፤ ሰልፉን ለመቁጠር ግን አልደፈረችም። ሻጩ ገና ሳትጠይቀው ግማሽ ኪሎ መዘነላት።

ኢክራም በሩን ከፍታ ሽታውን ስታገኝ ፊቷ በራ። «በሞቴ! ጥብስ ይዘሽ መጣሽ? የደምለው ደስታ ገና አላለቀም እንዴ?»

«አላለቀም» አለች ሶልያና።

ተቀመጡ። ገና ፀሐይዋ አልጠለቀችም፤ በመስኮቱ ተራራው ላይ ያጎነበሰው ሳህን ይታያል። ኢክራም ዳቦውን እየቆረሰች ወሬዋን ቀጠለች። «የኔው ሰሌዳ ዛሬ ተበላሽቷል መሰለኝ። አየሩን ነግሮኝ ዝም አለ። ሉባባን ሳያነብልኝ ቀርቶ አያውቅም። ነገ የሚጠግነው ሰው ማምጣቴ ነው።»

«ብዪ እስቲ መጀመሪያ።»

«እየበላሁ ነው።»

«ትንሽ ጨምሪ። ይቺን ጠበስ ያለችውን።»

«በቃኝ፣ ሶሊ።»

«ለኔ ስትዪ። አንዲት ብቻ።»

ኢክራም ጉርሻውን ወደ አፏ ስትወስድ እጇ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የአገሩን ወግ የምታውቅ ሴት ናት። ስንት ሰው ዘንድ ራሷ ምግብ ይዛ ሄዳለች፣ ስንቱን «ለኔ ስትል» ብላ አብልታ ጠዋት ደግፋዋለች። ትሪውን አየች። የሶልያናን ፊት አየች። ጉርሻውን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ለምንድነው እንድበላ የፈለግሽው?»

ሶልያና መቀጮው ትዝ አላት፤ ትዝ ማለቱም አስጠላት። «ሉባባን ዘግተዋታል» አለች። «እነሱም አይደሉም። እኔ ነኝ። ምክንያቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሚዛኑ ከዚያ እንደሚማር ነግረውኝ ነበር።»

ኢክራም አፏን ከፈተች። ድምፁ ከሆዷ ሲነሣ ሶልያና አየችው፤ ጉሮሮዋ አበጠ፣ አንገቷ ተገታተረ። ሳይወጣ ግን ግድግዳውን አየች፣ ሰሌዳውን፣ እና ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፍፋ በሁለት እጇ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። ግን ቤተሰቡ ተቀብሏል እንዳይባልባት፣ ሰሌዳው እንዳይሰማት፣ ጨርቁን ነክሳ ተንበርክካ ተወዛወዘች፤ ከዓይኗ እንባ፣ ከአፍንጫዋ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል።

ሶልያና ልታቅፋት ተጠጋች። ኢክራም በክርኗ ገፋቻት። ደግማ ተጠጋች፤ ደግማ ገፋቻት። ከግድግዳው ማዶ፣ ከሶልያና ቤት፣ የምሽቱ ንባብ ሰዓቱ ደርሶ ለስላሳው ድምፅ «ደምለው ናሆም፤ ከጠዋቱ ጨምሯል» ሲል ሁለቱም ሰሙት።